ሂርማታና አካባቢው፦ ስለ ጅማ አሮጌ ሰፈሮች ሕዝብ አመጣጥና ለውጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። ስለ ጅማ የሚሠራጩት ብዙዎቹ ስህተቶች የሚመነጩት ሁለቱ አቆጣጠሮች ሲደባለቁ ስለሆነ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል።

ሂርማታ የሚባለው የትኛው ቦታ ነው?

የጅማ መርካቶ ያለበት፣ ከአዌቱ ወንዝ ጋር ተያይዞ የተዘረጋው አሮጌው የከተማ ክፍል ነው። በቀበሌ ሲከፋፈል ሂርማታ፣ ሂርማታ መርካቶና ሂርማታ መንቲና ተብሏል። አዌቱ መንደራ፣ መንደራ ቆጪ፣ ጊንጆና ቦሳ አዲስ ጎረቤቶቹ ናቸው። ጅሬን ግን ሌላ ነው፤ ከመሀል ከተማው ወደ 7 ኪሎ ሜትር ርቆ ኮረብታ ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስፍራ ነው። ጅማ 13 የከተማ ቀበሌዎች ነበሯት፤ በኋላ ዙሪያዋ ያሉ የገጠር ቀበሌዎች ሲጨመሩ 17 ሆነዋል። ስለዚህ የድሮና የአሁን የቀበሌ ዝርዝር ባይገጥም አይግረማችሁ።

ከተማው የተቆረቆረው ጅሬን ነው ወይስ ሂርማታ?

ሁለቱም በየፊናቸው። የጅማ መንግሥት የተመሠረተው ሳና በሚል ስም በሚታወቁት በቀዳማዊ አባ ጅፋር ዘመን፣ በ1820ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. 1830 አካባቢ) ነው። ቤተ መንግሥቱ ላይ ጅሬን፣ ገበያው ታች ሂርማታ ነበር። ንጉሡ የሚገዙት ከኮረብታው ላይ ሆነው ነው፤ ግብሩ፣ ወሬውና እንግዳው የሚመጣው ግን ከገበያው ነበር። ዛሬ «ጅማ» የምንለው ከተማ በቅርጹ የገበያው ልጅ ነው። ጣሊያኖች የአስተዳደር ሕንጻዎቻቸውን ታች ሜዳው ላይ ሲሠሩ ነገሩ ለይቶለት ጅሬን ወደ ዳር ቀረ።

የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች እነማን ነበሩ?

አገሩ የጅማ ኦሮሞ አገር ነው። አስተዳደሩ በ60 ገደማ ቆሮዎች ተከፍሎ በእያንዳንዱ ላይ አባ ቆሮ ይሾም ነበር። የሌላ አገር ሰው መምጣት የጀመረውም ያኔውኑ ነው፤ «ቅይጥነቱ ከጣሊያን ወዲህ ነው» የሚለው አባባል ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1862 እስከ 1878 የነገሡት አባ ጎሞል የጋሮን መንግሥት ሲይዙ ከጅማ ሰዎችን ወደ ጋሮ ልከው አስፍረዋል፤ የጋሮን ባለጠጎች ደግሞ ጅሬን አምጥተዋል።

ከዚያ ነጋዴዎቹ መጡ። ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከሸዋ የሚወርዱት ጀበርቲዎች (የሰሜን ሙስሊም ነጋዴዎች) ከኦሮሞዎቹ አፍቃላ ነጋዴዎች ጋር ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ አሞሌና የማሪያ ትሬዛ ብር ያዘዋውሩ ነበር። ጅማን ጨምሮ በጊቤ ወንዝ አካባቢ በነበሩት የኦሮሞ መንግሥታት እንዲህ ያሉ ነጋዴዎች የሚያርፉበት የተለየ መንደር ነበራቸው። በጅማ የዚያ መንደር ስም ዛሬም በአዌቱ መንደራና በመንደራ ቆጪ ውስጥ አለ። ንግዱን፣ ገበያውንና የውጭ እንግዶችን የሚመለከተው ሹም ነጋድራስ ይባል ነበር። ባዕድ ነጋዴ በጅማ ሕግ ያለው ነዋሪ የነበረ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

የባሪያ ንግድስ?

መዝለል አይገባም። ሂርማታ በ19ኛው መቶ ዘመን በደቡብ ምዕራብ ከነበሩት ትልልቅ የባሪያ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከኮንታና ከአካባቢው ተይዘው የመጡ ሰዎች እዚህ ተሽጠዋል፤ ከፊሎቹ ወደ ሰሜንና ወደ ባሕር ማዶ ሄደዋል፣ ከፊሎቹ በጅማ ባለጠጎች ቤትና እርሻ ቀርተዋል። ሕጋዊው መጨረሻ በ1916 በወጣው አዋጅ ተጀምሮ በ1934 አዋጅ ተዘጋ። ነፃ የወጡት ሰዎች ግን ወደ ትውልድ አገራቸው የሚመለሱበት መንገድ ብዙ ጊዜ አልነበራቸውም፤ በዚያው የቀሩት የከተማው ሕዝብ አካል ሆኑ። የቤተሰብ ታሪክ የሚጠይቅ ሰው ይህን በጨዋነት ይያዘው። ሽማግሌው ዝም ካለ ዝምታው መከበር አለበት፤ በልጆች ፊት ደግሞ በፍጹም አይጠየቅም።

ጅማ እንደ ከፋ ለምን በጦር አልተያዘችም? ይህስ ከሕዝቡ ስብጥር ጋር ምን ያገናኘዋል?

በእጅጉ ያገናኘዋል። ዳግማዊ አባ ጅፋር (የትውልድ ስማቸው ቱሉ፣ የነገሡት እ.ኤ.አ. 1878–1932) በ1870ዎቹ አጋማሽ ለምኒልክ በሰላም ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቆዩ። በዚህ ውሳኔ የእናታቸው የእመቤት ጉሚቲ ምክር ትልቅ ድርሻ እንደነበረው ይነገራል። ከፋ በእ.ኤ.አ. 1897 በጦርነት ስትያዝ የሰሜን ጦር መሬት ተከፋፍሎ ሰፈረባት። በጅማ ያ አልሆነም። ስለዚህ እስከ 1920ዎቹ አጋማሽ ድረስ ወደ ሂርማታ የመጣው ሰሜነኛ በአብዛኛው ነጋዴ ነበር። ዳግማዊ አባ ጅፋር በእ.ኤ.አ. 1932 ካረፉ በኋላ ማዕከላዊው መንግሥት አስተዳደሩን ሲረከብ ሹሙ፣ ጸሐፊው፣ ወታደሩና ካህኑ ተከተለ። «አማራ ወደ ጅማ መቼ መጣ?» ለሚለው ጥያቄ እንግዲህ ሁለት መልስ አለ፤ የሚለየውም ቤተሰቡ በንግድ ነው ወይስ በሹመት የመጣው በሚለው ነው።

ጣሊያን ምን ለወጠ?

ከ1929 እስከ 1933 ጅማ ጣሊያን በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ላቋቋመው ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። የአዲስ አበባ መንገድ፣ ቢሮዎች፣ ሱቆችና የመኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። በየከተማው እንዳደረጉት ሁሉ የፈረንጁንና የአገሬውን ሰፈር ለየብቻ ለማድረግ አቀዱ። ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር የዚያ ዘመንና ከዚያ በኋላ የቆዩት የውጭ ነጋዴዎች መታሰቢያ ነው። መለያየቱ ግን አልዘለቀም፤ በሰኔ 1933 የጣሊያን ጦር ከጅማ ሲወጣ ዕቅዱም አብሮ ቀረ። ለሕዝቡ ስብጥር ከሕንጻው ይልቅ መንገዱ ይበልጣል፤ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የአዲስ አበባ መንገድ በወልቂጤና በየም አገር በሳጃ በኩል ስለሚያልፍ፣ በመንገዱ ዳር ያለው ሕዝብ ሁሉ ለጅማ ቀረበ።

ዳውሮ፣ ከፋና የም በጅማ የበዙት ለምንድን ነው?

ዋናው ምክንያት የድሮው አስተዳደር ነው። ከ1933 በኋላ ጅማ የከፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። የከፋ፣ የኩሎ ኮንታ፣ የሊሙና የማጂ አውራጃዎች በሥሯ ነበሩ። ከዳውሮ የመጣ ሰው ይግባኝ ለመጠየቅም፣ ልጁን ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማርም፣ ሆስፒታል ለመተኛትም ጅማ መምጣት ነበረበት። ለጉዳይ የመጣው ዘመድ ቤት ያርፋል፤ ጉዳዩ ሲጓተት ሥራ ይይዛል፤ ሥራ ከያዘ ቤት ይከራያል።

ሁለተኛው ቡና ነው። ለቀማው እንደየአካባቢው ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ይዘልቃል። በእነዚያ ወራት ተሸካሚ፣ ለቃሚ፣ አድራቂና ቡና የምትለቅም ሴት ይፈለጋል። ከለቀማው በኋላ ሁሉም አይመለስም። ከዳውሮ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች በጉልበት ሥራ፣ በሽመናና በቤት ሠራተኝነት ጀምረው በሁለተኛው ትውልድ አስተማሪና ነርስ አፍርተዋል።

አሮጌ ሰነድ ለምትፈልጉ አንድ ማሳሰቢያ፦ ዳውሮ «ኩሎ»፣ የም ደግሞ «ጃንጀሮ» ተብለው ተጽፈው ታገኟቸዋላችሁ። ሁለቱንም ስሞች ባለቤቶቹ አይቀበሏቸውም፤ መዝገብ ለመፈለግ ብቻ እንጂ ሰው ለመጥራት አይሆኑም። ዛሬ ዳውሮና ከፋ ከ2014 ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል፣ የም ከ2015 ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ናቸው። ስለዚህ የአንድ ሂርማታ ግቢ ነዋሪዎች ዘመዶች በሦስት ክልሎች ይገኛሉ።

ጉራጌና ስልጤስ?

ሱቅ፣ ልብስ ስፌት፣ ምግብ ቤት፣ የጅምላ ንግድ። አመጣጡ በሰንሰለት ነው፤ ታላቅ ወንድም ሱቅ ይከፍታል፣ ታናሹን ያስመጣል፣ እሱም ከጥቂት ዓመት በኋላ የራሱን ይከፍታል። ስልጤ በ1993 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ከጉራጌ ተለይቶ የታወቀ በመሆኑ ከዚያ በፊት ያሉ ወረቀቶች ብዙ ጊዜ ሁለቱንም «ጉራጌ» ብለው ያልፋሉ። በሃይማኖትም አንድ ወጥ አይደሉም።

ዐረቦቹና ግሪኮቹ የት ሄዱ?

የየመን ዐረቦች፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና በኋላ የቀሩ ጣሊያኖች በቡና ግዢና በችርቻሮ ንግድ ላይ ነበሩ። አብዛኞቹ ከ1967 በኋላ ንብረታቸው ሲወረስ ወጡ። የየመን ዐረቦች ከአገሬው ጋር ተጋብተው ስለነበር የእነሱ ዘር በስምም በመልክም ዛሬ በከተማው አለ።

የ1967 አዋጅ ሰፈሩን እንዴት ለወጠው?

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ የሂርማታን ግቢ የዛሬ መልክ የሰጠው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ለጣሊያን የሚሰጠውን ያህል ትኩረት አይሰጠውም።

የካቲት 1967 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 1967 ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ። ኪራዩ በወር እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ። ኪራዩም ተቀነሰ።

ውጤቱን ለማየት አንድ የመርካቶ ግቢን ማሰብ ይበቃል። ከፊት ወደ መንገዱ የሚከፈት ሱቅ አለ። ከኋላው በጭቃና በእንጨት የተሠሩ፣ ቆርቆሮ የለበሱ ክፍሎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። ማድ ቤቱና ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ከአዋጁ በፊት ቤቱ የአንድ ባለሀብት ስለነበር ተከራዮቹ አብዛኛውን ጊዜ የእሱ ወገን፣ የአገሩ ሰው ወይም ሠራተኛው ነበሩ። ከአዋጁ በኋላ ክፍል ሲለቀቅ የሚሰጠው ቀበሌው ነው፤ ቀበሌው ደግሞ በማመልከቻ ቅደም ተከተልና በችግር መጠን ነበር የሚሰጠው። በአንድ ማድ ቤት የኦሮሞ፣ የዳውሮ፣ የጉራጌና የአማራ ሴቶች እንጀራ መጋገር የጀመሩት በዚህ መንገድ ነው። የሕፃናቱ የጋራ ቋንቋ አማርኛና አፋን ኦሮሞ ሆነ፤ የእናት ቋንቋው በብዙ ቤት በሁለተኛው ትውልድ ደከመ።

ችግሩም ከዚያው መጣ። የቤቱ ባለቤት ቀበሌ ስለሆነ ተከራይ ለማደስ አይደፍርም፤ ቀበሌውም የሚሰበስበው ኪራይ ጣራ አይቀይርም። በብዙ የቀበሌ ቤት ግድግዳው ከሥር የሚበላው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጅማ ደግሞ ዝናቧ ብዙ ነው።

ሕዝቡ ስንት ነው? እንዴትስ አደገ?

በ1987 ቆጠራ 88,867፣ በ1999 ቆጠራ 120,960 ነበር። ጭማሪው 32,093፣ ማለትም 36 በመቶ ነው፤ በዓመት ሲሰላ 2.4 በመቶ ገደማ ይሆናል። በ1999 ከነዋሪው 46.84 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 39.03 በመቶው ሙስሊም፣ 13.06 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። በዙሪያው ያለው ገጠር በአብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ፣ ይህ ልዩነት ከተማው ከሌላ አገር በመጡ ሰዎች ጭምር የተገነባ መሆኑን ያሳያል።

ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው የጅማ ዞንን ቁጥር ለከተማው መስጠት ነው፤ ዞኑ በ1999 2,486,155 ሕዝብ ነበረው። ሁለተኛው ከ1999 ወዲህ ቆጠራ ስላልተካሄደ የሚወጡትን ግምቶች እንደ ቆጠራ መጥቀስ ነው።

ዩኒቨርሲቲውስ ምን አመጣ?

በ1940ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት፣ በ1970ዎቹ የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት፣ ከዚያም በ1992 ሁለቱን ያዋሐደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከትግራይ እስከ ቦረና ተማሪና መምህር አምጥተዋል። ተማሪው ያልፋል፤ የሚቀረው መምህሩ፣ ሐኪሙና ለተማሪው ቤት የሚያከራየው ነው። ስለዚህ አዲሱ ነዋሪ በቂጦ ፉርዲሳና በከተማው ዳር ሲበዛ መርካቶ የቀድሞ ቤተሰቦቹን ይዟል።

በሃይማኖት ወይም በብሔር ግጭት ኖሮ ያውቃል?

በዞኑ ኖሯል። በመስከረም 1999 በአጋሮ አካባቢ፣ በ2003 ደግሞ በአሰንዳቦ ሰው የሞተባቸውና ቤተ ክርስቲያን የተቃጠለባቸው ግጭቶች ነበሩ። «ጅማ ሁልጊዜ ሰላም ናት» ብሎ መጻፍ ለተጎዱት ግፍ ነው። በሌላ በኩል በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ውስጥ ሰዉን የሚያስተሳስረው ዕድር፣ በኦሮምኛው አፎሻ፣ በጎረቤትነት የተመሠረተ ነው። የቀብር ድንኳኑ፣ ወንበሩና ሳህኑ የሰፈሩ ነው፤ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን ለቅሶ ይቀመጣል፣ ክርስቲያኑም እንደዚያው።

የቤተሰቤን የሂርማታ ታሪክ እንዴት ልፈልግ?

መጀመሪያ በሕይወት ያለውን ትልቁን ሰው ጠይቁ። «መቼ መጣችሁ?» አትበሉ፤ ዓመቱን ላያስታውሱ ይችላሉ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ መጀመሪያ ማን ቤት አረፉ፣ ምን ሥራ ያዙ፣ የትኛው ዕድር ገቡ። አስጠጊውን ካወቃችሁ መንገዱን ታውቃላችሁ።

ዓመቱን ለመያዝ ክስተት ተጠቀሙ፦ የጣሊያን መውጣት (1933)፣ የታኅሣሥ ግርግር (1953)፣ የትርፍ ቤት አዋጅ (ሐምሌ 1967)፣ የብር ኖት ቅያሪ (ጥቅምት 1969)፣ የደርግ መውደቅ (ግንቦት 1983)። በሙስሊም ቤተሰብ ረመዳን ይረዳል። ጾሙ በየዓመቱ በ10 ወይም በ11 ቀን ወደ ኋላ ስለሚመጣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የዋለው ከ1937 እስከ 1942፣ ከ1970 እስከ 1975፣ ከ2003 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት ነው። «ስንመጣ ረመዳን ክረምት ላይ ነበር» ያሉ እናት ዓመቱን በግማሽ ነግረዋችኋል።

ከዚያ ወረቀት። ከሁሉ የሚታመነው የዕድር መዝገብ ነው፤ አባል የገባበትን ቀንና የቤተሰቡን ዝርዝር ይይዛል። የቀበሌ ቤት ኪራይ ደረሰኝ፣ የክርስትና መዝገብ፣ የድሮ የግብር ደረሰኝና የትምህርት ቤት ካርድ ይከተላሉ። ወደ ቀበሌ ስትሄዱ መታወቂያና የሟቹን ስም እስከ አያት ይዛችሁ ሂዱ፤ በአባት ስም ብቻ የሚገኝ ፋይል የለም ማለት ይቻላል።

የሚያሳስተው ይህ ነው፦

- ታላላቅ ሰዎች የሚጠሩት በፈረስ ስማቸው ስለሆነ አንድ ሰው በሁለት ስም ይመዘገባል። አባ ጅፋርም ሁለት ናቸው፤ ተራ ቁጥር ያልጻፈ ሰነድ ላይ ዓመቱን አይታችሁ ለዩ።
- በደርግ ጊዜ ቀበሌው የሚታወቀው በቁጥርና በከፍተኛ (ቀበሌዎችን በሚያቅፈው የከተማ አስተዳደር ክፍል) ነበር። ዛሬ በስም ነው። የድሮውን ቁጥር ወደ ዛሬው ስም የሚመልስላችሁ የሰፈሩ ሽማግሌ ወይም የቆየ የቀበሌ ሠራተኛ ነው።
- ሂርማታ፣ ሄርማታ፣ ህርማታ ተብሎ ይጻፋል። ሁሉንም ፈልጉ።
- ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ስትቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይጨመራል።
- ክርስትና ወይም እስልምና የተቀበለ ሰው ስሙን ሊቀይር ይችላል፤ በዕድሩ አንድ፣ በመንግሥት ወረቀት ሌላ ስም ብታገኙ የእናቱን ስም አመሳክሩ።

ሰፈሩን በዓይን ለማየት መቼ ልሂድ?

ሐሙስ። የሂርማታ ትልቁ ገበያ ከጥንት ጀምሮ ሐሙስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በበጋ ጥሩ ቀን እስከ 30,000 ሰው ይሰበሰብ ነበር። ከከፋ በኩል የመጣ ኮረሪማና ማር፣ ቆጮና ቡላ፣ ቅቤ፣ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ በየተራቸው ይታያሉ። ሻጩን ከየት እንደመጣ ብትጠይቁት የአገሩን ስም ብቻ ሳይሆን የመጣበትን መንገድም ይነግራችኋል። ከሰዓት በኋላ ወደ ጅሬን ውጡ፤ የዳግማዊ አባ ጅፋር የእንጨት ቤተ መንግሥት ሰገነት ላይ ሲቆሙ ገበያውና መንደሮቹ ለምን ታች እንደተሠሩ ከመሬቱ አቀማመጥ ይገባችኋል። ክረምት ከሆነ ወደ ላይ የሚወስደው መንገድ ስለሚጭቀይ ዝናብ ሳይጀምር ውጡ፤ የከተማውን ሙዚየም ለዝናቡ ሰዓት አቆዩት።